የሶዳም ኮክ

እናታችን በሞተች በስድስተኛው ወር የእኛ የኮሪያውያን የመኸር በዓል ቹሶክ ደረሰ። እኔ አሥራ አንድ፣ እህቴ ሶዳም ደግሞ ስድስት ዓመታችን ነበር። በበዓሉ ጠዋት ለሞቱት የቤታችን ሰዎች ማዕድ ይዘረጋል፤ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ እነሱም ገብተው ይበላሉ። ያን ዓመት እማዬ ከሚመጡት አንዷ ሆነች።

ማዕዱን የምታሰናዳው የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ማልሱን ነበረች። ቀዩ ፍሬ በምሥራቅ፣ ነጩ በምዕራብ፤ አንዲት ሳህን ጣት ታህል ፈቀቅ ካለች ትመልሳታለች። ሩዙን ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትገባ ሶዳም ከቀሚሷ ሥር አንድ ኮክ አወጣችና ከፖሙ አጠገብ አስቀመጠች። እማዬ ኮክ ትወድ ነበር። ስትልጠው ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ ይወርዳል፤ ጭማቂው ክርኗ ሲደርስ ትስቃለች።

ኮክ በዚህ ማዕድ ላይ እንደማይቀርብ አውቅ ነበር። ግን እማዬ እንድትበላው እኔም ፈለግሁና ዝም አልኩ።

አክስቴ ሩዙን ይዛ ስትመለስ ክው አለች።

«ማነው ይሄን ያስቀመጠ? ኮክ እኮ መንፈስ ያባርራል! ሙታኑን ከደጅ ልትመልሷቸው ነው እንዴ?»

ኮኩን አንስታ ወደ ጓዳ ወሰደችው። ሥርዓቱ ቀጠለ፤ አባቴ ሰገደ፣ እኔም ሰገድኩ። ሶዳም የተከፈተውን በር ብቻ ታያለች።

በኋላ ወደ እማዬ መቃብር ልንሄድ ስንነሳ ጫማዬን አላደርግም አለች።

«ምን ሆነሻል?» አላት አባቴ።

«እማዬ መጥታ ነበር። እኔ አባረርኳት።»

«የኔ ልጅ፣ ይሄ የድሮ ሰው ወሬ ነው። የሞተ ሰው አይመጣም።»

ሊያጽናናት ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ አየችው።

«ታዲያ ሩዙ ለማን ነው? ለማን ነው የሰገድከው?»

ሶዳም መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር።

አክስቴ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ቁጡ እንጂ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እማዬ ስትታመም ሦስት ወር ሙሉ ገላዋን ያጠበቻት እሷ ናት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ ቁጢጥ አለችና የሶዳምን ጫማ አነሳች።

«ግራ እግር።»

«አልሄድም።»

«ግራ እግር አልኩ። አቤት ግትርነት! ቁርጥ እናትሽን።»

ሶዳም እያለቀሰች እግሯን ዘረጋች።

ኮረብታው ላይ አባቴ የመቃብሩን ሣር በማጭድ አጨደ። አክስቴ ምንጣፍ አነጠፈች፤ የሩዝ አረቄውን ቀዳች። ከዚያ ከቦርሳዋ ያንን ኮክ አወጣች።

«አክስቴ! ያባርራታል!» ብላ ሶዳም ጮኸች።

«ወዴት ነው የሚያባርራት? እኛ ቤት ስትመጣ እንግዳ ናት፤ እንግዳ ከደጅ ይመለሳል። ይሄ ግን የራሷ ቤት ነው። ሰው ከገዛ ቤቱ ተባርሮ የት ይገባል?»

ሶዳም አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች አሰበች።

«ጠዋትስ?»

«ጠዋትማ ተመልሳ እዚሁ ገባች። ስትጠብቀን ነበር። በይ ርቧታል፣ ላጪላት።»

ትንሿን ቢላ ሰጠቻት። ልጣጩ አምስት ቦታ ተበጠሰ።

«ይሄ መላጥ ነው መጨፍጨፍ?» አልኳት።

«ዝም በል፤ አንተ ጭራሽ አትችልም!» አለችና ሳቀች። እማዬ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ኮኩን መቃብሩ ፊት አስቀመጥነው። ሰግደን ስንጨርስ አራት ቦታ ቆርሰን በላነው። ጭማቂው በሶዳም ክንድ ላይ እስከ ክርኗ ወረደ፤ ማንም ጥረጊ አላላትም።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ኮክ መንፈስን ከገዛ ቤቱ አያባርርም የሚለው ደንብ የት እንደሚገኝ አክስቴን ጠየቅኋት።

«የትም» አለችኝ። «ዳገቱን ስንወጣ ያሰብኩት ነው። ዳገቱ ረጅም መሆኑ በጀኝ።»

ዘንድሮም ሶዳም ኮክ ይዛ ከከተማ መጣች። አክስቴ ጉልበቷ ስለደከመ ከበሩ ሳትነሳ ትጮሃለች፦ «ኮኩ ቤት እንዳይገባ!» ሶዳምም የኮኩን ከረጢት አጥሩ ላይ ሰቅላ ትገባለች፤ ወደ ኮረብታው እስክንነሳ እዚያው ይቆየናል።