የጋሽ ፈገግታ ሕመም

ወይዘሮ አሰፋች እንሽላሊት ካዩ ጩኸታቸው ጊዮርጊስ ድረስ የሚሰማ ሴት ነበሩ። እንግዲህ እሳቸው ናቸው አራት እግርና ጅራት ያለው የውሃ ፍጡር ሲያስታምሙ የከረሙት። እንስሳው አክሶሎትል ይባላል። ልጃቸው ሐሴት ከዓሣ ሻጭ ገዝታ ስታመጣው «አገሩ ሜክሲኮ ነው» ብትል፣ የፒያሳ ሰው መች ይምራል፣ «ታዲያ ታክሲ አጥቶ ነው እዚህ የቀረው?» ብሎ ሳቀባት። አፉ ሁልጊዜ የሚስቅ ስለሚመስል ጋሽ ፈገግታ አሉት።

ሐሴት ታማ ሆስፒታል ስትተኛ እሱም ታመመ። ላባ በመሰለው ቀይ መተንፈሻው ላይ ነጭ ሻጋታ ወጣበት። ሐሴት አልጋዋ ላይ ሆና፣ «እማ፣ ውሃው ይቀዝቅዝለት። የቧንቧውን አሳድረሽ ጨምሪለት፤ በጨው ውሃም ትንሽ ዘፍዝፊው» ትላለች። እናት ምን ታድርግ! በሃይላንድ ፕላስቲክ በረዶ ሠርተው ገንዳው ውስጥ ያንሳፍፋሉ፤ ጉበት በስሱ ቆርጠው አፉ ላይ ያስጠጉለታል።

«ብላ እንጂ አንተ እልኸኛ! ልጄ ምን ትለኛለች?»

ከዚያ ሆስፒታል ሄደው ስሞታቸውን ያሰማሉ፤ ዛሬም አልበላም፣ ዛሬም ፊቱን አዞረብኝ። ሐሴት ትስቃለች። ያ ሳቅ ለወይዘሮ አሰፋች ከመድኃኒቱ ሁሉ ይበልጥባቸው ነበር።

ሐኪሙ ለብቻቸው ጠርቶ የነገራቸውን ግን ለሐሴት አልነገሯትም። ደም ማነስ ነው፣ ድነሻል አሏት። እኛ አገር ለበሽተኛ ክፉ አይነገርም፤ ሰፈሩ ሁሉ አውቆ የታመመው ብቻ ሳያውቅ ይቀራል። ይህንንም ደግነት ይሉታል፤ እንጃ!

አንድ ጠዋት ጋሽ ፈገግታን በጀርባው ተንሳፍፎ አገኙት። ሞቶም ይስቃል። ወይዘሮ አሰፋች ገንዳው አጠገብ ቁጭ ብለው ተንሰቀሰቁ፤ ለእንስሳው ብቻ እንዳልሆነ ልባቸው ያውቀዋል። ታች ሱቅ ያላት ጎረቤታቸው አስማ ሰምታ መጣች። አልሳቀችም። በጨርቅ ጠቅልላ ግቢው ጥግ ቀበረችላቸው።

«እትዬ አሰፋች፣ ለሐሴት እንዳይነግሯት። አሁን አትችለውም።»

«እንዴት ብዬ እነግራታለሁ!»

ፊታቸውን ታጥበው፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ሚኒባስ ይዘው፣ መንገዱን ሁሉ የሚሉትን እየተለማመዱ ሄዱ። ገና ከበሩ ላይ፣ «ጋሽ ፈገግታ ድኖልሻል! ጉበቱን ጥርግ አድርጎ በላልሽ!» አሉ።

ሐሴት ትክ ብላ አየቻቸው።

«እማ፣ ትናንት መንቀሳቀስ አቅቶታል ብለሽኝ ነበር።»

«እግዜር ሲምር እንዲህ ነው።»

«ሐኪሙ ለብቻሽ ያነጋገረሽ ቀንም እንዲሁ ነው ያደረግሽው። ስትጨነቂ ከርመሽ ድንገት ‹ድነሻል› አልሽኝ።» ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «ሞቷል፣ አይደል?»

ለካ ነገሩ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ኖሯል። ወይዘሮ አሰፋች ሌላ ውሸት ሊጀምሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ እምቢ አላቸው።

«ሞቷል፣ ልጄ።»

«እኔስ?»

እጇን ይዘው አልጋው ላይ ተደፉ። ሐሴት የእናቷን ራስ ደባበሰች።

«እኔ ካወቅሁ ቆየሁ» አለች። «አንቺ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ብቻዬን ከበደኝ፣ እማ። ነይ፣ አጠገቤ ተኚ።»

ወይዘሮ አሰፋች ጫማቸውን አውልቀው ጠባቧ አልጋ ላይ ወጡ።