ባዶውን የሚመለሰው ጠመንጃ

«አሁንስ በዛ! ወገቤን ሊቆርጡት ነው እንዴ!»

ሳህሊቱ የፓምፑን እጀታ ክብደቷን ሁሉ ጥላበት ተጫነችው። ፓምፑ ቁመናው የብስክሌት ነው፣ ጠባዩ ግን ሌላ፤ መጀመሪያ ላይ ያለ ሐሳብ ይወርዳል፣ ጠመንጃው ሆድ ውስጥ አየሩ እየታመቀ ሲመጣ ግን ግድግዳ መግፋት ነው። ጎንበስ ብላ ጠመንጃው ላይ ያለችውን፣ የአየሩን መጠን የምታሳይ ትንሽ ጌጅ አየች። መርፌዋ አረንጓዴው ጋ ገና አልደረሰችም። ከሦስት ቀን በፊት እኮ ይቺኑ መርፌ አረንጓዴው ላይ አድርሳ፣ ጠመንጃውን በእጇ ለአቶ አብዱላሂ አስረክባ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሲመልሱላት መርፌዋ ዜሮ ላይ ተኝታለች። ባለፈውም እንዲሁ፣ ከዚያ በፊትም እንዲሁ።

ሳህሊቱና አቶ አብዱላሂ ጭሮ እህል ተራ ውስጥ አንድ ትልቅ መጋዘን ለሁለት ከፍለው፣ በአንድ ውል የተከራዩ ነጋዴዎች ናቸው። እሷ ስንዴና በቆሎ ትነግዳለች፣ እሳቸው ከሚኤሶ የሚመጣ ማሽላ። የሁለቱም ጠላት ርግብ ነው። ጣሪያው ሥር ሰፍሮ ከሚበላው ይልቅ የሚያበላሸው ይብሳል፤ ኩስ ያረፈበትን ጆንያ ገዢ ዞር ብሎም አያየው። መርዝ እንዳያደርጉ ነገሩ የሰው እህል ነው፣ ወንጭፍ እንዳይወነጭፉ ጣሪያው ሩቅ ነው። ተማክረው፣ አዋጥተው፣ ፈቃዱንም ጨርሰው ድሬዳዋ ወረዱና ይህን የአየር ጠመንጃ ገዙ።

የዚያን ቀን አቶ አብዱላሂ ዓይናቸው ያረፈው አፈሙዙን አጥፈው በሚያቀባብሉት፣ በስፕሪንግ በሚሠራው ላይ ነበር። ሳህሊቱ ልታጥፈው ሞክራ ጣቷን ልታስበላ ምንም አልቀራት። «እሱ ነው የሚታጠፈው እኔ?» ስትል ሻጩ ስቆ ይህን አወጣላት፤ አንዴ አየር ከሞሉት ደጋግሞ የሚተኩስ፣ ትከሻ የማይመታ፣ ጉልበቱን ዝቅ ካደረጉለት ቆርቆሮ የማይበሳ። እሳቸው ለሶላት ወጣ ባሉበት ሻጩ አያያዙን ነገራት። «ከቀዩ መስመር አያሳልፉት። የሞተር ዘይት አያስነኩት። ከሁሉ ከሁሉ ባዶውን አያሳድሩት፤ ውስጡ ያለው የላስቲክ ቀለበት አየር ሲያጣ ቦታውን ይለቅና ማፍሰስ ይጀምራል።» ከዚያ ወዲህ ጠመንጃው እንደ መቀናጆ በሬ ሦስት ቀን እዚህ፣ ሦስት ቀን እዚያ ይውላል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው፤ ሳህሊቱ ደግሞ መመንጠር የምትወድ ሴት አይደለችም። የእርሳስ ጥይቱን ቆርቆሮ ከፈተችና ወዘወዘችው። ጥይቱ እንዳለ ነው ማለት ይቻላል! አየሩ አልቆ ጥይቱ እንዴት ሳያልቅ ይቀራል? በአቶ አብዱላሂ በኩል ያሉት ርግቦች ደግሞ እንደ ሠርገኛ እየዘፈኑ ነው። እንግዲህ ሰውዬው ሌላ ጥይት ገዝተው፣ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው እያስተኮሱበት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

በርበሬ ሻጯ እቴነሽ ከፊት ለፊት ሱቋ ተሻግራ መጣች። ይቺ ሴት ወሬ ከሚያመልጣት ገበያ ቢያመልጣት ትመርጣለች።

«ስሚ፣ ትናንት ወደ ማታ ከሽማግሌው መጋዘን ጧ! ጧ! ሲል ሰምቻለሁ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«በሩ ክፍት ነበር?»

«ምን ክፍት! ከውስጥ ተቀርቅሯል። ርግብ የሚመታ ሰው በር ዘግቶ ነው?»

«ማን አብሯቸው ነበር?»

«እሱን አላየሁም። እኔ ያላየሁትን አልናገርም።» እቴነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። «ግን ምን በወጣሽ የሰው ፓምፕ ትሆኛለሽ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!»

ሳህሊቱ ውስጧ በገነ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ነግደዋል። ባሏ የሞተ ጊዜ ሱቃቸውን ዘግተው ድንኳን ውስጥ አብረዋት የተቀመጡ ሰው ናቸው። ያ ሁሉ ለዚህ ነው? ይሄኔ እኮ በሚዛኑም፣ በጆንያውም ስንት ነገር አልፏት ይሆናል።

ችግሩ ነገሩ በጠመንጃ ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። የመጋዘኑ ባለቤት ወኪል ማቲዎስ በጠዋት መጥቶ ነበር። ውሉ የሚታደሰው ዛሬ ነው። «እትዬ ሳህሊቱ፣ ባለቤቱ በአንድ ሰው ስም ቢሆን ይመርጣል። እሺ ካሉ ሙሉውን ለእርስዎ እናድርገው፣ አቶ አብዱላሂ ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ» አላት። እህል ተራ ውስጥ ባዶ መጋዘን እንደሌለ፣ ሽማግሌው ከዚህ ከወጡ ንግዳቸው እዚያው እንደሚያበቃ ሁለቱም ያውቃሉ። ሳህሊቱ ግን «ሳይሻል አይቀርም፤ ከሰዓት ና» ብላ ሸኘችው።

የመጨረሻ ማረጋገጫ ፈለገች። ጠመንጃውን እስከ አረንጓዴው ሞላችና ራሷ ወስዳ ለአቶ አብዱላሂ ሰጠቻቸው። «አባ ነጅዋ፣ እኔ ዛሬ ሥራ አለብኝ። እስከ ከሰዓት እርስዎ ጋ ይዋልና ይመልሱልኛል።» በሴት ልጃቸው ስም ነው የምትጠራቸው።

«እሺ፣ ኢንታላ ኮ። እሺ ልጄ።»

ከምሳ በኋላ የእሳቸው በር ከውስጥ ሲቀረቀር ሰማች። ወዲያው ጧ! አለ። ሁለቱን መጋዘን ወደሚያገናኘው ትንሽ በር በጣቷ ጫፍ ተራመደችና ቀስ ብላ ገፋ አደረገችው።

ማንም የለም። አቶ አብዱላሂ ብቻቸውን አሸዋ የሞላ ጆንያ ፊት ቆመዋል። ጥይት አያጎርሱም፤ የጥይቱ ቆርቆሮ እንደተከደነ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ያቀባብላሉ፣ ጆንያው ላይ ያነጣጥራሉ፣ ጧ! እንደገና ያቀባብላሉ፣ ጧ! ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሳህሊቱ ያበዱ መሰላት።

«አባ ነጅዋ! ምን እየሠሩ ነው?»

ደነገጡ። አፈሙዙን ቶሎ ወደ መሬት መለሱ። «ገና አላለቀም፣ ቆይ አትቅረቢ! ሲያልቅ አመጣልሻለሁ።»

«ምኑ ነው የሚያልቀው?»

«የጎረሰው ነዋ!»

«አልጎረሰም እኮ! ጥይት የለበትም።»

«ጥይት ባይኖርበትስ? የሚገድለው አየሩ አይደለም?» በሻሻቸው ጫፍ ግንባራቸውን ጠረጉ። «የጎረሰ መሣሪያ ለወዳጅ አይሰጥም። እኛ ዘንድ ነውር ነው። አሟጥጠሽ፣ ባዶነቱን አይተሽ ነው የምታቀብይው። በሩንም የምዘጋው ሰው እንዳይገባብኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ይሄ ይነገራል እንዴ? የሚታወቅ ነገር አይደለም?» ጆንያው ላይ ተቀመጡና ጠመንጃውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ታናሽ ወንድሜ ዑስማን፣ ሚኤሶ ነው፣ ጓደኛው ያዝልኝ ብሎ ጠመንጃ አቀበለው። ባዶ ነው ብሎት። ወላሂ፣ እዚያው እጁ ላይ ነው የባረቀበት። ያ ረቢ! እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

ሳህሊቱ አፈረች። ማፈር ብቻ አይደለም፣ ራሷን ጠላችው። ሽማግሌው እሷን ከሞት ሲጠብቁ፣ እሷ ደግሞ እሳቸውን ከመጋዘናቸው ልታስወጣ ቀጠሮ ይዛለች። ድምጿን አለስልሳ ሻጩ ያላትን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ጥይት ከሌለበት እንደማይጎዳ፣ አየሩ ጭራሽ ሲያልቅ ደግሞ የላስቲክ ቀለበቱ እንደሚበላሽ።

«እሱን አልሰማሁም» አሉ አዝነው። «እኔ ነኛ ያበላሸሁት።»

«ገና አልተበላሸም።»

«እሺ። እንዳልሽ።» ተነስተው ጠመንጃውን ዘረጉላት።

በሳህሊቱ በኩል ያለው የመጋዘኑ በር ተንኳኳ። ማቲዎስ ነው። ሳህሊቱ ሄዳ ከፈተችለት። ከሱ ጀርባ እቴነሽ አንገቷን አስግጋለች።

«እትዬ ሳህሊቱ፣ እንግዲህ በእርስዎ ስም ልጻፈው?»

«በሁለታችን። እንደ ድሮው።»

«ጠዋት እኮ…»

«ጠዋት ያልኩትን ተወው። ባለቤቱ ካልተስማማ እኔም አልፈርምም፣ እንደዚያ ብለህ ንገረው።» እቴነሽን አየቻት። «ጧ ጧ ያለው ጆንያ ነው። አሁን በርበሬሽን ጠብቂ።»

ተመልሳ መጣችና ጠመንጃውን ከአቶ አብዱላሂ እጅ ልትቀበል ያዘችው። አልለቀቁም። ሊለቁ እየፈለጉ ጣታቸው እምቢ አላቸው፤ ዓይናቸው ጌጁ ላይ፣ ገና አረንጓዴው ውስጥ ባለችው መርፌ ላይ ተተክሏል።

ሳህሊቱ ወገቧን አሰበችው። ከዚያ እጇን ከጠመንጃው ላይ አነሳች።

«ያስወጡት፣ አባ ነጅዋ። ጨርሰው ያስወጡት።»

«ቀለበቱስ?»

«ባዶውን አላሳድረውም። ወዲያው እሞላዋለሁ።»

አቶ አብዱላሂ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ዞረውም ጆንያው ላይ አነጣጠሩ። ጧ! ሲል ሳህሊቱ ፓምፑን ልታመጣ ወደ በኩሏ ሄደች።