በዝናብ እስከ ዚኒያ

“ኖ፣ ኖ፣ ቴንክ ዩ! ዊ አር ፋይን!” አለች ሉሊት፣ ከአፍንጫዋ ጫፍ ውሃ እየተንጠባጠበ።

ፒክአፑን የብስክሌት መንገዱ ዳር አቁሞ ሦስት ቢጫ የዝናብ ልብስ በመስኮት የዘረጋላቸው ሽማግሌ ፈረንጅ አንዴ አያቸው። ሦስቱም ርሰው በስብሰዋል። የኸይሪያ ሻርፕ አንገቷ ላይ ተለጥፏል፤ የወሰንየለሽ ጫማ በረገጠች ቁጥር ውሃ ይተፋል።

“ኦኬ ዜን! ሃቭ ፈን!” አለና ልብሶቹን ወደ ውስጥ መልሶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ነድቶ ሄደ።

ሦስቱ ሴቶች ብስክሌታቸውን እንደያዙ የመኪናውን የኋላ መብራት እያዩ ቀሩ።

“ኧረ ሰውየው ጥሎን ሄደ!” አለች ሉሊት።

“ምን ያድርግ ታዲያ? አንፈልግም አልሽው እኮ!” አለች ኸይሪያ።

“አንድ ጊዜ ነዋ ያልኩት! ሰው እንዴት በአንድ ‘አይ’ ይሄዳል? ‘በሞቴ ውሰዱ’ ይላል ብዬ አይደል እንዴ የጠበቅኩት!”

“ሃያ ሁለት ዓመት አሜሪካ ኖረሽ? ፈረንጅ በሞቴ ሲል የት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?”

ወሰንየለሽ ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፤ አልቻለችም። ኮርቻዋ ላይ ተደፍታ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ሳል ሆነ። ጓደኞቿ ሁለቱም ደረቷን ነው የሚያዩት።

“ምን ታፈጡብኛላችሁ? ሰው ሲስቅ ይስላል” አለች፣ አፏን በእርጥብ እጅጌዋ እየጠረገች። “በሉ እንሂድ።”

ባለፈው ዲሴምበር ኮቪድ ወሰንየለሽን አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል አስተኝቷት ነበር። በኦክስጅን ነው የተረፈችው። ወጥታ ክሊንተንቪል ሰፈር ያለው ቤቷ ስትገባ፣ አሥራ አራት ደረጃ ለመውጣት ሁለቴ ተቀምጣለች። አረጋውያንን ቤታቸው ሄዳ የምትንከባከብበትን የሆም ኬር ሥራዋን ከጀመረች በኋላ እንኳ ደንበኞቿን ከአልጋ ስታነሳ ትንፋሿ የሰው ዕቃ የተዋሰች ይመስል ያስፈራት ነበር። እንግዲህ ይህች ሴት ናት በሃምሳ አንድ ዓመቷ የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ ብስክሌት የተማረችው። አስተማሪዋ በልጅነቷ አዋሳን በብስክሌት ያካለለችው፣ አሁን ኦቤትስ አካባቢ መጋዘን ውስጥ የምትሠራው ኸይሪያ ናት። ሞርስ ሮድ ላይ ሱቅ ያላት ሉሊት ደግሞ “እኔ ከማን አንሼ!” ብላ ተከተለቻቸው። በጋውን ሙሉ ሲለማመዱ ከርመው፣ በመስከረም አጋማሽ ከሚኖሩባት ከኮሎምበስ እስከ ዚኒያ ከተማ ድረስ፣ ስድሳ ማይል፣ በአንድ ቀን ሊነዱ ተነሡ።

ሌሎቹ ለጨዋታ ነው የመጡት። ወሰንየለሽ ግን አንድ ነገር ማወቅ ትፈልጋለች፦ ይህ ደረት የእሷ ነው ወይስ አሁንም የበሽታው? ማንም መኪና ውስጥ ሳያስገባት፣ በገዛ እግሯ ዚኒያ ከደረሰች መልሱን ታገኛለች።

ችግሩ ባሏ ነው። ጀማነህ ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር አብሯት የኖረ፣ ትራክ ነጂ፣ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን እረፍት የለውም። “ከዘነበ መኪና ትገቢያለሽ” ብሏት፣ እሷም ከቤት ለመውጣት ስትል “እሺ” ብላዋለች። እሱ ሥራ እንደሚሄድ ተናግሮ፣ ለካ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ ‘ዛሬ አልመጣም’ በማለት ኮል ኦፍ አድርጎ ኖሯል። የብስክሌት መንገዱ ከመኪና መንገድ ጋር በተገናኘ ቁጥር ሚኒቫኑ እዚያ ቆሞ ይጠብቃል።

ለንደን የምትባለዋ ትንሽ ከተማ ሲደርሱም ጀማነህ መንገድ ዳር ካለ መጠለያ አጠገብ ትልቅ ጥላ ዘርግቶ ቆሟል።

“ለንደን ገባን!” ብላ ጮኸች ኸይሪያ። “ጋሼ፣ ቪዛችንን ይምቱልን!”

ጀማነህ አልሳቀም። “ወሰን፣ ከንፈርሽ ጠቁሯል።”

“ብርድ ነው።”

“በሞቴ ግቢ። ሂተሩ በርቷል፤ መኪናው ሞቋል።”

“አይ፣ ደህና ነኝ።”

“ያኔ ስትታመሚም ደህና ነኝ ብለሽ ነው ሦስት ቀን ቤት የተኛሽው” አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሉሊት ፈጥና ምሳውን ከፈተች። ቀኑን ዓርብ ያደረጉት ለዚሁ ነው፤ የጾም ከሆነ ከኸይሪያ ጋር ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል፣ ሥጋ የማን ነው የሚል ጣጣ የለም። ጴንጤዋ ሉሊት ጾም ባይኖርባትም ሱፍ ፍትፍቱን በሁለት እጇ ነው የያዘችው።

“ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ!” አለ ጀማነህ፣ ሦስቱንም እየዞረ እያጎረሰ። “ሚኒቫን እያለ! ደረቅ ወንበር እያለ!”

“ጋሼ፣ ጉርሻውን አጥብቀው፣ ምክሩን ቀነስ ያድርጉት” አለች ኸይሪያ። ያን ጊዜ እሱም ሳቀ።

ከለንደን በኋላ መንገዱ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። ግራና ቀኙ ያልታጨደ በቆሎ ነው፤ መንገዱ ላይ ከእነሱ በቀር ነፍስ ያለው የለም። ዝናቡ አልተወም፤ እነሱ ግን ከዚህ በላይ መርጠብ እንደማይቻል ሲገባቸው ናቁት። ሉሊት መዝሙር ስታወጣ ኸይሪያ በጭብጨባ ልታጅባት መሪውን ለቃ ሣር ውስጥ ገባች፤ ተነሥታም ሳቀች። ወሰንየለሽ አልዘመረችም፤ ትንፋሿን ለእግሯ ትፈልገዋለች። ግን ደስ አላት። ዝናቡ ፊቷን ሲገርፋት፣ ጭቃው ጀርባዋ ላይ ሲረጭ፣ በቃ ደስ አላት። እንዲህ ደስ ያላት መቼ እንደሆነ ልታስታውስ ሞክራ ተወችው።

ሲዳርቪል መቃረቢያ ላይ ግን ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ከፊት ኸይሪያ አንገቷን ደፍታ ትታገላለች። መንገዱ ሽቅብ የሆነ መሰለ። የወሰንየለሽ ጭን ተቃጠለ፤ ከዚያ ደረቷ ተያዘ። የመኪና መንገዱ መገናኛ ላይ ስትደርስ ከብስክሌቷ ወርዳ ቆመች። ሚኒቫኑ እዚያው ነው። ጀማነህ የኋላ በሩን ከፍቶ፣ ለብስክሌቷ ቦታ አመቻችቶ ጨርሷል።

“ስንት ቀረ?” አለች።

“ስምንት ማይል” አለች ሉሊት። “ወስንዬ፣ አንቺ ከገባሽ እኛም እንገባለን። ብቻሽን አንልክሽም።”

ለእሷ ብለው እንደሆነ አልጠፋትም፤ የባሰ ከበዳት። ጀማነህ መጥቶ የብስክሌቷን መሪ ያዘ።

“በሞቴ ወሰን…”

“ቆይ” አለች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ሆስፒታል ሳለች ትንፋሿን ብትጠብቀው ብትጠብቀው አይመጣም ነበር። አሁን መጣ። መጀመሪያ አጭር ሆኖ፣ ከዚያ ረዘም ብሎ፣ ከዚያ እስከ ታች።

“በሞቴ አትበለኝ፣ ጀማነህ። እኔ ሞትን አይቼው መጥቻለሁ” አለች በቀስታ። “ያኔ ደህና ነኝ ስልህ ዋሽቼህ ነው። እንዳትደነግጥ ብዬ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ግን አልዋሽህም። ደክሞኛል፤ እግሬ የኔ አይደለም፤ መቀመጫዬንማ ተወው። ትንፋሼ ግን ይመለሳል። ቆሜ ስጠብቀው ይመጣል። እየኝ።”

ጀማነህ አያት። ጥላውን ረስቶት ራሰ በራው ላይ ዝናቡ ይወርዳል።

“አልገባም ነው የምትዪኝ?”

“አልገባም።”

ጀማነህ መሪውን ለቀቀና የኋላውን በር ዘጋ።

“እሺ። ዚኒያ፣ የምናድርበት ሆቴል እጠብቅሻለሁ” አለና ነድቶ ሄደ። እነሱ ሳይንቀሳቀሱ ቀድሞ የሄደው ጠዋት ከቤት ከወጡ ወዲህ ገና አሁን ነው።

ሚኒቫኑ ከአንድ የእህል ጎተራ ጀርባ ሲሰወር ኸይሪያ እርጥቡ ሣር ላይ ዘጭ አለች።

“አላህ ይይልሽ!” አለች። “እኔ እኮ በገባች፣ በገባች እያልኩ ዱዓ ሳደርግ ነበር! ጉልበቴ አልቋል!”

“እኔም!” አለች ሉሊት። “‘አንቺ ከገባሽ’ ያልኩሽ ለምን መሰለሽ? መግባት ፈልጌ!”

ወሰንየለሽ ሁለቱን አፈራርቃ አየቻቸው። ቀኑን ሙሉ እሷን ሲጠብቁ የዋሉት እነዚህ ናቸው እንግዲህ! እንደገና ሳቅ ያዛት፤ ሳለች፤ ማንም ደረቷን አላየም።

“አሥር ደቂቃ እናርፋለን” አለች። “ከዚያ ከፊት እኔ ነኝ። ከኋላዬ ተጠጉ፤ ነፋሱን እኔ እይዝላችኋለሁ።”

“ትችያለሽ?” አለች ሉሊት።

“ሲያቅተኝ እነግራችኋለሁ።”

አሥር ደቂቃው ሳይሞላ ተነሥታ ብስክሌቷን ከሣሩ አነሳች።