ልምምድ ተሰርዟል

«ነገ አይሆንልኝም ጋሼ። ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የግድ ያስፈልገኛል።»

ሴትየዋ ቤዝ ጊታሯን ከነቦርሳው የሥራ ጠረጴዛው ላይ አጋድማ፣ እጇን እላዩ ላይ እንደጫነች ቆማለች። ካልተሠራላት ጠረጴዛውንም ይዛ የምትሄድ ትመስላለች።

«እዚህ ቤት ለነገ ይድረስልኝ ብሎ የመጣ ሰው አላውቅም» አላት ጠጋኙ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ እያወረደ። «የሁሉም ሰው ጊታር ለዛሬ ነው። ምን ሆነብሽ?»

«ድምጹ ይቆራረጣል። ገመዱን ስነካው ይመጣል፣ ስለቀው ይጠፋል።»

«መሰኪያው ነው። ተቀመጪ።»

ሰውየው ከተበሳ ከበሮ እስከ ጥርሱ የረገፈ አኮርዲዮን ድረስ የሙዚቃ መሣሪያ በመጠገን ሃያ ስድስት ዓመት ኖሯል። በሰፈሩ ጠጋኙ ከሚለው ሌላ ስም የሚያውቅለት የለም፤ ሚስቱ እንኳ በስሙ የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው። ዛሬ ግን እጁ ሥራ ላይ አልረጋ ብሎታል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ላይ አንድ መልእክት ከገባ ጀምሮ ካቻቢቴውን አንስቶ ያስቀምጣል፣ ሬዲዮ ከፍቶ ይዘጋል፣ ሰው የጠራው ይመስል በር ድረስ ወጥቶ ይመለሳል። መልእክቱ ክፉ ነገር የለበትም። «የዚህ ሳምንት ልምምድ ተሰርዟል። ስንጀምር እናሳውቃለን» ነው የሚለው። የላከው እሱ የሚጫወትበት ባንድ መሪ፣ የጥርስ ሐኪሙ ነው። በሽተኛ በዝቶበት ይሆናል ብሎ ተወው። ለሚስቱም ደውሎ ዛሬ በጊዜ እንደሚገባ ነገራት።

«አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማክሰኞን በጊዜ ገብተህ አታውቅም፤ አሞሃል?» ነበር መልሷ።

የጊታሩን የጀርባ ክዳን መፍታት ጀመረ።

«ጥድፊያሽ የምንድን ነው? ሰርግ አለብሽ?»

«ፈተና አለብኝ።» ሳቀች። «አስተማሪ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ፈታኟ እኔ ነበርኩ። አሁን ደግሞ አንድ ባንድ ሊፈትነኝ ነው። ከወደዱኝ እገባለሁ።»

«የትኛው ባንድ?»

«እንቁላል በእግሩ።»

ካቻቢቴው ከብሎኑ ላይ ሸርተት አለ።

«ያውቋቸዋል እንዴ?»

«ስማቸውን» አላት።

እንቁላል በእግሩን ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ከሦስት ሰዎች ጋር የመሠረተው፣ ቤዙንም የሚጫወተው ራሱ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ከሚለው ተረት «ቀስ በቀስ»ን ጥለው የቀረውን ስም አደረጉት፤ ችኩል መሆናቸው ያኔውኑ ይታወቅ ነበር። የሚጫወቱት ሳይኬደሊክ ሮክ ነው፤ ጊታሩ የሚያስተጋባ፣ ኦርጋኑ እንደ ትኩሳት ህልም የሚዋኝ፣ አንዱ ዘፈን ሃያ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ። ሚስቱ «የእናንተ ዘፈን ሲጀመር ድንች ብጥድ፣ ሲያልቅ በስሎ ተልጦ ይቀርባል» ትላለች። ቢሆንም ሦስት አልበም አውጥተዋል፣ ሁለቴ ባሕር ተሻግረው ተጫውተዋል፤ አንድ ጊዜም በስህተት ሰርግ ላይ ተጠርተው፣ ገና የመጀመሪያው ዘፈን እኩሌታ ላይ የሙሽራዋ አባት መብራት አጥፍቶባቸዋል።

ሰው ግን አይበረክትላቸውም። የመጀመሪያው ዘፋኝ አገባና ድምጹ ለቤት ቀረ። የመጀመሪያው ድራም መቺ ቀረጥ መሥሪያ ቤት ተቀጠረና ጩኸት ጠላ። እንዲህ እንዲህ እያለ አስራ ሰባት ሰው ገብቶ ወጥቷል። በራሳቸው ፈቃድ የሄዱት ስምንቱ ናቸው፤ የቀሩትን ያስወጣቸው ጠጋኙ ነው። ይሁን እንጂ ውጣ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ለሰው ክፉ ነገር ፊት ለፊት መናገር ሞቱ ነው። የሚያውቀው አንድ መላ ብቻ ነበር፤ ለሚወጣው ሰው ለብቻው «የዚህ ሳምንት ልምምድ ተሰርዟል። ስንጀምር እናሳውቃለን» ብሎ ይልክለታል። ልምምዱ በአዲስ ሰው ይቀጥላል። የድሮው ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠብቃል፣ ከዚያ ይገባዋል። ነገሩ ባንዱ ውስጥ ቀልድ ሆኖ «እገሌ ተሰረዘ» እየተባለ ይሳቅበት ነበር።

መልእክቷን ዘጠኝ ጊዜ ልኳታል። ስትላክለት ግን ይህ የመጀመሪያው ነውና የገዛ ቃሉን ሳያውቀው ቀረ።

«ልምምዳቸው መቼ ነው አልሽኝ?»

«ዛሬ። አስራ አንድ ሰዓት፣ ከጎማ መሸጫው ፎቅ ላይ።»

የተሰረዘው እሱ ራሱ ነው። አፈረ፣ ተናደደም፤ የትኛው እንደቀደመ አያውቅም። ክዳኑን ሲያነሳው ችግሩ ወዲያው ታየው፤ አንዲት ቀጭን ሽቦ ከመሰኪያው ተላቃለች። መበየጃውን አጋለ። ሽቦዋን ለይምሰል ብቻ ቢያስነካት እዚህ ትሠራለች፣ አስራ አንድ ተኩል ላይ ትለቃለች። ማን ያውቃል? ዕቃ ነው፣ ይበላሻል። ሐኪሙ ፊቱን ያጨማድዳል፣ አስተማሪዋ አፍራ ትወጣለች፣ የሚቀጥለው ማክሰኞ ልምምድ ለእሱም ይኖራል። ይህን ሁሉ አሰበው፤ አላሰብኩም ቢል ውሸት ነው። እጁ ግን አልታዘዝ አለው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አጥብቆ የበየደ እጅ በአንድ ከሰዓት ተንኮል አይማርም። ሽቦዋን ጠርጎ በየዳት፣ ጎተት አድርጎ ሞከራትና ክዳኑን ገጠመው።

«ሞክሪው።»

ሱቁ ውስጥ ያለው አምፕሊፋየር ላይ ሰካችና የባንዱን ረጅሙን ዘፈን፣ «ጣራ ላይ ጀልባ» የሚሉትን፣ ከመጀመሪያው ያዘችው። ጣቷ ጥሩ ነው። የእሱን ድርሰት በሌላ ሰው እጅ መስማት ደግሞ የራስን ኮት ሌላ ሰው ለብሶት እንደማየት ነው።

«ፈጠንሽ» አላት።

«እኔ?»

«አዎ። እንዲህ አይሮጥም። ረጋ ብሎ ነው የሚሄደው።»

«ኧረ ጋሼ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአልበሙ ጋር ነው ያጠናሁት።» ስልኳን አወጣችና የመጀመሪያውን አልበም ከፍታ አብራ ተጫወተች።

ልክ ለልክ ገጠመ። ስልኩ ውስጥ የሚጫወተው እሱ ነው፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ላይ። ያ ሰውዬ ይሮጣል። ጠጋኙ ምቱን በእግሩ ሊከተለው ሞከረ፤ እግሩ ወደ ኋላ ቀረ። ደግሞ ሞከረ፣ አሁንም ቀረ። ለካ ድራም መቺው ዓመቱን ሙሉ በየልምምዱ ዞር ዞር እያለ ያየው የነበረው ለዚህ ኖሯል። እሱ የወዳጅነት መስሎት በፈገግታ ይመልስለት ነበር።

«ልክ ነሽ» አለና አምፕሊፋየሩን አጠፋው። ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አነሳ። «አብሬሽ ልሂድ።»

«ለምን ይደክማሉ?»

«መሰኪያው ቢለቅ እዚያው እጠግንልሻለሁ።»

ዋሸ። ያ መሰኪያ እሷ ብታረጅም አይለቅም።

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጠጋኙ መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ። አስተማሪዋ ፍርሃቷን በወሬ ትሸፍናለች።

«የበፊቱ ቤዚስት በራሱ ፈቃድ ለቀቀ አሉኝ፤ ደክሞት። ከመሥራቾቹ ነበር መሰለኝ። ሐኪሙ ሲያወራው ድምጹ አዝኖ፣ ነፍስ ይማር ልል ለጥቂት ነው የተረፍኩት።»

«ገና ነው» አላት።

መንገዱ ተዘጋግቶ ነበርና ሐሳብ የሚበላው ጊዜ አገኘ። ከዘጠኙ መልእክት አንዱ የሄደው ለገዛ ታናሽ ወንድሙ ነው። ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት የተሻለ ሰው ተገኘ ተባለና ጠጋኙ ልምምዱን ሰረዘለት። ወንድምየው ግን የረሳውን ገመድ ሊወስድ በዚያው ማክሰኞ መጥቶ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ ሌላ ሰው በእሱ ቦታ ሲጫወት ሰማና ሳይገባ ተመለሰ። ይህን ለጠጋኙ የነገረው ጎማ ሻጩ ነው። ወንድሙ አንድም ቀን አላነሳበትም። እሁድ እሁድ እናታቸው ቤት ይገናኛሉ፤ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ወንድምየው ስለከፈተው ፎቶኮፒ ቤት ያወራሉ። ጠጋኙ ይህን እርቅ ነው ብሎ ቆጥሮት ነበር።

የልምምዱ ክፍል ግድግዳ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ነው፤ ድምጽ እንዳያወጣ ነው እንጂ ለስማቸው ብለው አይደለም። ሐኪሙ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ገመድ ይሰካል። ድራም መቺው ጠጋኙን ሲያይ ጎንበስ ብሎ መፈታት የሌለበት ብሎን መፍታት ጀመረ።

«እ... ልምምድ እኮ...» አለ ሐኪሙ።

«ተሰርዟል። ደርሶኛል።»

አስተማሪዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሐኪሙን አየች።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ?» ያልከፈተችውን ቦርሳ መልሳ ትከሻዋ ላይ አነገተች። «ባውቅ እኮ አልመጣም ነበር።»

«ቁጭ በይ እህቴ፤ አንቺ ምን አጠፋሽ?» ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ዛሬ ዘፈናችንን በራሱ ፍጥነት ሰማሁት። እየጎተትኳችሁ ነበር?»

ሐኪሙ ተነስቶ የሱሪውን ጉልበት አራገፈ። የሰው መንጋጋ ሲነቅል እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

«ዓመት አለፈው» አለ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ደክሞህ ነው አልን። ከዚያ እኛም ካንተ ጋር ቀስ አልን። አሁን ግን አዲስ አልበም ልንቀዳ ነው። አልቻልንም።»

«ለምን አልነገራችሁኝም ታዲያ?»

«አንተ ማንን ነግረህ ታውቃለህ?»

ድራም መቺው ብሎኑን ተወው። ከታች የጎማ መንፊያው ሞተር ተነሳና ወለሉ ነዘረ።

«እንዴት እንደሚባል አናውቅበትም» አለ ሐኪሙ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። «ካንተ ያየነው ይሄንኑ ነው። ቃሉን እንኳን አልቀየርኩትም። እኔ ስገባ ለወጣው ጊታሪስት የላክህለትን ነው አግኝቼ የገለበጥኩት።»

ጠጋኙ ሊስቅ ነበር፤ እንባው ቀደመው። በእጁ ጀርባ ጠረገው።

«በል አሁን በአፍህ በለኝ።»

«ምን ልበልህ?»

«መውጣት አለብህ በለኝ። እዚሁ፣ እያየኸኝ።»

ሐኪሙ አስተማሪዋን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ከዚያ እሱን አየ።

«መውጣት አለብህ፣ ወንድሜ። በጣም ነው የማዝነው።»

አመመው፤ እንዲህ ያማል ብሎ አልጠበቀም። አስራ ዘጠኝ ዓመት የተመላለሰበት ክፍል ነው። ነገር ግን ተባለና አለቀ። ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ስልኩን እየገለጠ አይጠብቅም፤ አጥፍቼ ይሆን፣ ስልኬ አልጠራ ብሏቸው ይሆን እያለ አይተኛም። እነዚያ ዘጠኝ ሰዎች ይህቺን እንኳ አላገኙም።

«ፈትኗት» አለ። «ካልወሰዳችኋት ሞኞች ናችሁ።»

አስተማሪዋ ጊታሯን እያወጣች ነበር። «አይቀየሙኝም ጋሼ?»

«ቀንቼብሻለሁ» አላት። እውነቱን ነው። «እሱ የኔ ጉዳይ ነው። አንቺ ዝም ብለሽ ሩጪ።»

ደረጃውን ሲወርድ ከላይ ጀመሩ። ቆሞ አላዳመጠም፤ ቢቆም ስህተት መፈለጉ አይቀርም። ጎማ ሻጩ «ዛሬ በጊዜ ወጣህ?» ሲለው «ተባረርኩ» ብሎ መለሰለትና ሰውየውን ጎማው ላይ እንደተደገፈ ትቶት ወጣ።

መንገዱ ዳር ቆሞ ስልኩን አወጣ። አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ሚስቱ በጊዜ እገባለሁ ስላላት ትጠብቀዋለች። እሱ ግን የታናሽ ወንድሙን ቁጥር ፈልጎ ደወለ። በአዘቦት ቀን ደውሎለት አያውቅም።

«ወንድም ጋሼ!» ድምጹ ደንግጧል። «ምነው? እማዬ ደህና አይደለችም እንዴ?»

«ደህና ናት። ሰው ሁሉ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

ጠጋኙ አፉን ከፈተ። የሚለውን ያውቀዋል፤ ስለዚያ ማክሰኞ ሦስት አራት ቃል ቢሆን ነው። ከስልኩ ወዲያ የፎቶኮፒው ማሽን ሲያጓራ ይሰማዋል። ደግሞ ሞከረ።

«ሄሎ? ወንድም ጋሼ፣ ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል። ሱቅ ነህ?»

«ልዘጋ ነው። ምንድን ነው ነገሩ? እዚሁ ንገረኝ በቃ፣ አታስጨንቀኝ።»

«በስልክ አይሆንም» አለው። «አትዝጋ። እየመጣሁ ነው።»

ወደ ቤቱ የሚሄደው ታክሲ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ረዳቱ ሲጠራው በእጁ እለፍ አለውና መንገዱን ተሻገረ።