የእርግቦቹ ደጅ

መጋዙ የከሰለውን ጠርዝ አልፎ ጤነኛው እንጨት ውስጥ ሲገባ ድምፁ ተለወጠ። እሸቴ እጁን ገታ አድርጎ ወደ ምንጩ መንገድ አየ። ሚስቱ ውዴ ውሃ ልትቀዳ ከወረደች ቆይታለች፤ ሳትመለስ መጨረስ ነበረበት። የሚቆርጠው የዋንዛ መዝጊያ ከሠላሳ ዓመት በፊት ለሠርጋቸው ከአንድ ግንድ አውጥቶ የጠረበው ነው። ከቤታቸው የተረፈ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ግማሹ።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በየካቲት፣ ወታደሮቹ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ ጉና ተራራ ሲወጡ ልጁ ሸፍቷል የተባለውን ሰው ቤት ሁሉ እያነደዱ አለፉ። የእሸቴና የውዴ አንድ ልጅ ሞላ ከአርበኞቹ ጋር ነውና የእነሱም ቤት ከእሳት አላመለጠም። ባልና ሚስት ከቃጠሎው አጠገብ ባቆሙት ጠባብ ጎጆ ውስጥ ሦስት ወር ተቀመጡ። አሁን ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ውዴም ቆርጣለች። ቅዳሜ ታናሽ ወንድሟ ደምሴ ከይፋግ በቅሎ ይዞ ይመጣል፤ እሷም ወደ አባቷ አገር ትገባለች።

እሸቴ ያልተናገረው አልነበረም። ርስት የአጥንት ያህል ነው አለ። ሰው ከቀዬው ከተነቀለ እንደ ዛፍ ይደርቃል አለ። አዲሱን ቤት ለመጀመር መሐል ላይ ችካል ተክሎ፣ በገመድ ዙሮ፣ ዙሪያውን ምልክት አድርጎ አሳያት። እሷ ሁሉንም እየሰማች ሥራዋን ትሠራለች። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ግን አንድ ነገር ሰማ። ውዴ ከጎጆዋ ደጅ ቆማ ወደ ሰማይ እያየች፣ ለራሷ፣ «አራት ቀሩ» አለች። እሸቴ ቀና ሲል አራት እርግቦች ጣራው በነበረበት ባዶ ላይ ዞሩ፤ የከሰለው ምሰሶ ላይ ጥቂት አረፉና ሄዱ።

ያኔ ሁሉም ነገር መጣበት። ውዴ ከይፋግ ሙቀት በበቅሎ ተጭና ስትመጣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የመጀመሪያውን ክረምት በብርድ ስታለቅስ ከረመች። ከሰው ጋር ገና አልተላመደችም። ከጣራው ክፈፍ ሥር ከገቡት ሁለት እርግቦች ጋር ግን በሳምንቱ ተላመደች፤ ገብስ ስታበጥር ለእነሱ አንድ እፍኝ ሳትጥል አታልፍም ነበር። ሞላን ስትወልድ እርግቦቹ ደርዘን ሞልተው ነበር። ልጁ በእነሱ ድምፅ ይተኛል፣ በእነሱ ድምፅ ይነሣል። እሸቴ ያን ጊዜ ጣራው ተበላሸ እያለ ያጉረመርም ነበር፤ አሁን ያ ጉርምርምታው ራሱ ናፈቀው። እንዲያ ሆኖ ነው የቀረችውን መዝጊያ በመጋዝ የያዛት።

«ምን እየሠራህ ነው አንተ?» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። የደብሩ አስተማሪ የኔታ መዝገቡ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«የእርግብ ቤት ነው የኔታ።»

«ሰው መጠለያ አጥቶ አንተ ለወፍ ታንጻለህ? ላም አለኝ በሰማይ አሉ!»

«ወተቷን እኔ አልፈልገውም የኔታ። ለውዴ ነው።»

የኔታ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። እንጨቱን ዳሰስ አድርገው ጣታቸውን አዩት፤ ጠቁሯል። «እሳት እሳት ይሸታል። የሚገቡልህ አይመስለኝም» አሉና ሄዱ።

እሸቴ ከአመዱ ለቅሞ ያቃናቸውን ሚስማሮች እየመታ ሳለ ውዴ ደረሰች። የመዝጊያውን ቁራጭ አየች። እንስራዋን ሳታወርድ ቆማ ቀረች።

«ደጃችንን ቆረጡት?»

«ለእርግቦቹ ነው። አራት ቀሩ ስትዪ ሰምቼ . . .»

«ለአዲሱ ቤት ይሆናል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ልጄ ያችን መዝጊያ ተደግፎ ነው መቆም የተማረ!»

«አዲሱን ቤት ለማን ልሥራው?» አለ እሸቴ፤ ድምፁ ከፍ አለበት። «አንቺ ቅዳሜ ትሄጃለሽ። እኔ ብቻዬን ምን ልዘጋበት ነው?»

ውዴ እንስራውን አወረደች። «ጠዋት ስነቃ ጭር ይላል» አለች። «ሞላ የለ፣ ቤቱ የለ፣ እነሱም የሉ። ርስት ይሉኛል፤ ርስት አይናገርም።» ከዚያ ወደ ጎጆዋ ገባች። እሸቴ ሦስት ወር ሙሉ ስለ መሬት ሲያወራ እንደ ነበር ገባው።

ዓርብ ማለዳ ከመዝጊያው የሠራውን የእርግብ ሳጥን በሰንበሌጥ ከድኖ ከእሳቱ የተረፈችው ወይራ ላይ ሰቀለው። እርግቦቹ መጡ፤ ክዳኑ ላይ አረፉ፤ አንዷ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። ከዚያ ሁሉም ተነሥተው ሄዱ። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ሲመሽ የኔታ መዝገቡ በዚያው ሲያልፉ ባዶውን ሳጥን ቀና ብለው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቅዳሜ ጠዋት ደምሴ በቅሎዋን ስቦ ደረሰ። ደብረ ታቦር አድሮ ነው የመጣ። ሰላምታውን አድርሶ ወዲያው የእህቱን ጥቅል መጫን ጀመረ።

«እታለም፣ ፀሐይ ሳይከር እንነሣ» አለ።

ውዴ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፤ ዓይኗ ግን ወይራዋ ላይ ነው። እርግቦቹ ደግመው መጡ፣ ደግመው አዩ፣ ቅርንጫፉ ላይ ተኮራምተው ቀሩ።

«አንቱ ሰው» አለች በመጨረሻ፣ «የዚህን ሳጥን ቀዳዳ ማነው በጉና በኩል ያስከፈተዎ?»

«ምሥራቅ ነዋ! ገነትም በምሥራቅ ናት። ዕድሜዬን የቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት ስሠራ የኖርኩ ሰው ይህ ይጠፋኛል?»

«እርግብ ዳዊት ትደግማለች እንዴ? ውርጩ የሚነፍስ ከዚያ ነው። ሠላሳ ዓመት በምዕራቡ ክፈፍ ሲገቡ ሲወጡ አላዩም?»

አላየም። ሠላሳ ዓመት አንገቱን ደፍቶ ሲጠርብ ኖሯል።

«የኔታ የእሳት ሽታ ነው ብለው . . .»

«በጭስ ያደገች ወፍ ጭስ ትፈራለች? ይልቅ ይውጡና ያዙሩት።»

እሸቴ ዛፏ ላይ ወጣ። እሷ ከሥር ሆና ሳጥኑን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችለት፤ እሱ የሰቀለበትን ጠፍር ፈታና ወደ ምዕራብ አዙሮ አሰረው። ደምሴ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ፀሐይዋን ያያል።

«እነሱስ ብልሆች ናቸው» አለች ውዴ እጇን እያራገፈች። «እኔ ነኝ እንጂ የጉና ንፋስ ፊት ለፊት ሲገርፈኝ የኖርኩ። ያ የምሥራቅ ደጃችን በተከፈተ ቁጥር አጥንቴ ድረስ ነበር የሚዘልቅ።»

«ታዲያ ምነው አልተናገርሽ?»

«ሙሽራ ገብታ ‹ደጅዎ አላማረኝም› ትላለች? ኋላም ለመድኩት። ለመድኩት ማለት ግን ወደድኩት ማለት አይደለም።»

እሸቴ አፈረ። አናጢ ነኝ ብሎ በየደብሩ የሚጠራ ሰው፣ በገዛ ቤቱ ሚስቱን ሠላሳ ዓመት ብርድ ላይ አቁሟት ኖሯል። እሷም ብርዱን ችላ፣ ገብስ እየበተነች፣ ልጅ እያሳደገች ኖረችለት። ያን ደግ ዘመን ሲያስበው ሁልጊዜ ሙቀቱ ነበር የሚታወሰው።

«አያ እሸቴ፣ እንግዲህ ይሰናበቱን» አለ ደምሴ። «ሌሊቱ መንገድ ላይ እንዳያገኘን።»

 እሸቴ ወደ አዲሱ ቤት ምልክት ሄደ። ከክቡ በምሥራቅ በኩል፣ በድሮው ደጅ ቦታ፣ የመቃኑን ስፍራ የሚያሳዩ ሁለት ችካሎች ተክሎ ነበር። ወዘወዘና ነቀላቸው። አፈራቸውን በጋቢው ጠርጎ ለውዴ ዘረጋላት።

«ምንድን ናቸው?» አለች።

«የደጁ ናቸው። አትሂጂ አልልሽም፤ ብዙ ብያለሁ፣ አልጠቀመም። ብትሄጂም ሞላ መግቢያ እንዳያጣ ቤቱን መሥራቴ አይቀርም። ደጁን በየት እንደምከፍተው ግን ነግረሽኝ ሂጂ።»

ውዴ ችካሎቹን ተቀበለች። በአንድ እጇ ይዛቸው አንዴ ወንድሟን፣ አንዴ የተጫነውን ጥቅል አየች። ከዚያ ክቡን ይዛ ቀስ እያለች ዞረች። ንፋሱ ከጀርባዋ በሚሆንበት ቦታ፣ በምዕራብ በኩል፣ ቆመች። ነጠላዋን ፈታ ወገቧን ታጠቀችበትና ተንበረከከች። አንደኛውን ችካል አፈሩ ላይ አቆመች።

«ደምሴ» አለች ቀና ሳትል፣ «ጭነቱን አውርደውና ያን ድንጋይ አቀብለኝ።»