ታናሽ ይቅደም

ባሌ «ምላሴ» ብሎ ሲጠራኝ ሰው ይስቅ ነበር። ጎረቤቶቻችን ምላሰኛ ስለሆንኩ የወጣልኝ ስም ይመስላቸዋል። ምላሰኛ መሆኔን አልክድም፤ የእሱ ነገር ግን ሌላ ነው። ባሌ የሻይ ፋብሪካ ቀማሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሻይ ፉት እያለ ሲተፋ ይውላል። ጣዕም የተጨመረባቸውን፣ ቀረፋና ሎሚ፣ ናናና ጽጌረዳ የገባባቸውን ግን ፋብሪካ ውስጥ መቅመስ አይወድም። «ሻይ የሚጠጣው ቤት ነው። ሽንኩርት በተጠበሰበት ቤት መዓዛው ካልወጣ፣ መዓዛ አለው አይባልም» ይላል። ስለዚህ ናሙናውን በትንንሽ ከረጢት እየቋጠረ ወደ ቤት ያመጣዋል። ከተጋባን ጀምሮ የምንቀምሰው ሁለታችን ነበርን፤ እሱ እንደ ባለሙያ፣ እኔ እንደ ሰው። በመጨረሻ የሚታመነው የኔ ቃል ነበር። «ምላሴ ምን አለች?» ሲለኝ የወርቅ ሐብል ቢያጠልቅልኝ እንደዚያ አልኮራም።

ቅምሻው ሕግ አለው። ስኒዎቹ ከውጭም ከውስጥም ጥቁር ናቸው፤ ዓይን በቀለም እንዳይፈርድ ነው። ናሙናዎቹ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። ከአንዱ ሻይ ወደ ሌላው ሲታለፍ አፍ በለብ ያለ ውሃ ይጉመጠመጣል፤ ውሃው የራሱ ፔርሙዝ አለው። ሁሉም እኩል ፉት ይላል፣ ከዚያ ንግግር ከታናሽ ይጀመራል። «ታላቅ ቀድሞ ከተናገረ ታናሽ ቃሉን ይውጣል። ታናሽ ይቅደም!» ይላል ባሌ፣ በፋብሪካቸውም የሚሠራው እንዲሁ ነው። በቤታችን ታናሿ እኔ ነበርኩ። ሕጉ ለእኔ ተብሎ የወጣ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ እህቴ መጣች።

ታናሽ እህቴን «ሚጢ» ነው የምንላት። ዛሬ ቁመቷ በር ላይ ጎንበስ ያሰኛታል፣ ስሙ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ተጣብቆባት ቀረ። ኬክ ቤት ጋጋሪ ነበረች። ክፉ ጉንፋን ጥሏት ከተነሳች በኋላ «ከአለቃዬ ጋር ተጣላሁ» ብላ ሥራዋን ለቀቀችና ሻንጣዋን ይዛ እኛ ቤት ገባች። የእናቴ ልጅ ናት፣ በር አልዘጋባት ነገር። እንግዳ ሲሰነብት ከወርቅ ወደ ብር፣ ከብር ወደ ብረት ይወርዳል ይባላል። የኔዋ እንግዳ ግን እየሰነበተች ወርቅ ሆነች።

መጀመሪያ ቀን ስኒ ያቀረብኩላት ለጨዋታ ያህል ነበር። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሦስታችንም ፉት አልን። ታናሽ ይቅደም ተባለና እሷ ጀመረች።

«ሎሚ አለበት» አለች ቀስ ብላ፤ «ግን በዛ። ሻዩን ዋጠው።»

አፌ ላይ የነበረ ቃል! እንዳለ፣ ሳይሸራረፍ።

«አንቺስ?» አለ ባሌ ወደኔ ዞሮ።

«እኔም... እንደሷ።»

ሁለተኛው መጣ። «ቅርንፉድ ነው፣ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል» አለች። እኔም እንደሷ። ሦስተኛው መጣ። እኔም እንደሷ። ባሌ በሳቅ ፈረሰ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!» አለኝ። ቀልዱን ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ከዚያ ወዲያ በየቅምሻው እንዲሁ ሆነ። እሷ ትቀድማለች፣ እኔ እንደ ገደል ማሚቶ እደግማለሁ። ከእሷ ለመለየት ብዬ አንድ ቀን ያልወደድኩትን ናና «ግሩም ነው» ብል ባሌ ቅር አለው። «ምላስሽ ደከመ እንዴ?» አለኝ። ጭራሽ አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ «ዛሬ አዲስ ናሙና ይዤ እመጣለሁ፣ ምላሳችን የትም እንዳትሄድ» አለ። «የት እሄዳለሁ?» ልለው አፌን ስከፍት ሚጢን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

ሴት በባሏ የምትቀናው ሌላ ስትወስድባት ነው። እኔ ባሌን ማንም አልወሰደብኝም፤ ዓይኑ ክፉ አይደለም፣ እህቴም እንደዚያ ዓይነት ልጅ አይደለችም። የቀናሁት በስሜ ነው። ባል ቢሄድ ሰው ያዝንልሻል፣ ሽማግሌ ይገባል። «እህቴ ከኔ ይልቅ ሻይ ታውቃለች» ብለሽ ለማን አቤት ትያለሽ?

የምታደርገው ሁሉ ያስጠላኝ ጀመር። ወተት ጥጄ «ጠብቂልኝ» ብያት ሱቅ ደርሼ ስመለስ ያረረው ሽታ ከበር ተቀበለኝ፤ እሷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ተረጋግታ ጥፍሯን ትሞርዳለች። «አፍንጫ የለሽም?» ብዬ ጮህኩባት። አቀረቀረች። በስንፍናዋ ያፈረች መሰለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ስንቀምስ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ምድጃው ጋ ቆሜ ልጠጣ ስል፣ «እትዬ፣ ነይ ቁጭ በይ እንጂ፣ አንቺ ካልተቀመጥሽ አይጥመኝም» አለች። ባሌ በፍቅራችን ደስ አለው። እኔ «አስመሳይ!» አልኩ በሆዴ።

እንዲህ እያለ ፋብሪካው ለገበያ የሚያወጣውን አዲስ ሻይ የሚመርጥበት ቀን ቀረበ። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ቀማሽ ከሙያው ውጭ የሆነ አንድ ሰው ከቤቱ ይዞ ይገባል፤ የዚያም ሰው ድምፅ ይቆጠራል። አንድ ወንበር ነው። በየዓመቱ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለዚያ ቀን የምለብሰው ቀሚስ እንኳ ለብቻው ይሰቀላል።

«ዘንድሮ ሚጢን ብወስዳትስ?» አለኝ ባሌ እንደ ቀላል ነገር።

«እንደፈለግክ።»

ሚስት «እንደፈለግክ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ የማያውቅ ባል፣ ሻይ ቢያውቅ ምን ይረባዋል? ፊቴን እንኳ አላየም። «እሑድ አንድ ጊዜ እንቀምስና የበለጠችው ትሄዳለች» ብሎ በገዛ እጁ ያስታረቀን መሰለው።

እሑድ ከሰዓት ማዕድ ቤት ገብቼ ሻዩን እኔው ቀዳሁ። ፔርሙዞቻችን መንታ ናቸው፤ የውሃውን ለመለየት አንገቱ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። ሁለቱን ናሙና በሰላም አሳለፍን፤ እሷ ቀደመች፣ እኔ ደገምኩ። ሦስተኛውን ስቀዳ ከሳሎን ሳቃቸው መጣ። ባሌ የፋብሪካውን ሰዎች ጠባይ እየነገራት ነው፤ ማን እንደሚያኮርፍ፣ ማን እንደሚቆጣ፣ ከማን አጠገብ መቀመጥ እንዳለባት። ገና ሳይፈረድ ወንበሬን እያለማመዳት! በንዴት የታወረ ሰው ክር አያይም። አንዱን ፔርሙዝ አስቀምጬ ሌላውን እያነሳሁ ስኒዎቹን ሞላሁና ትሪውን ይዤ ገባሁ።

ፉት አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም። ብርቱካኑ ይቀድማል፣ ከኋላው ቀረፋው ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሻዩ ሁለቱንም ተሸክሞ አይጎብጥም። ለአፍታ ቅናቴን ራሱ ረሳሁት።

«ይሄ ነው!» አለች ሚጢ፣ እንደ ሕፃን እያጨበጨበች። «ብርቱካን ነው ጋሼ። ከዚያ ቀረፋው ከኋላ ይመጣል። ከእስካሁኑ ሁሉ ይሄ ነው።»

«አንቺስ?»

ምን ልበል? «እኔም እንደሷ።»

ባሌ ጭኑን መታ። «አለቀ! ፋብሪካ ደውዬ ስሟን ላስመዝግብ» ብሎ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ።

ስኒዎቹን ሰብስቤ ማዕድ ቤት ገባሁ። ለነገሩ አንድ ፉት ብቻ ነው የሚባለው፤ የሚጢ ስኒ እስከ አፉ ሞልቷል። ልደፋው ማጠቢያው ላይ ሳዘነብለው ወለል ብሎ ወረደ። ቀለም የለውም። የቀረውን ቀመስኩት። ለብ ያለ ውሃ። ዞሬ ባለ ክሩን ፔርሙዝ አየሁት፤ ክዳኑ እንደተከፈተ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ሚጢዬ፣ ነይማ» አልኩ በማር ድምፅ። መጣች። «ቁጥር ሦስትን እስቲ ድገሚልኝ፣ ምን ምን ነበረው?»

«ብርቱካን... ቀረፋ...»

«ውሃ ነው የጠጣሽው።» ስኒውን አፍንጫዋ ሥር ደገንኩት። «አፍ መጉመጥመጫ!»

ትክዳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። በርጩማው ላይ ዘፍ አለች።

«እትዬ፣ አትጩሂ። ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ምላሴ ላይም ሁሉ ነገር ሙቅ ውሃ ነው። ከኬክ ቤቱ የወጣሁት ተጣልቼ አይደለም፤ ትሪ ሙሉ ኬክ አጠገቤ ሲያር ሳልሰማ ቀርቼ ነው። አፍንጫ የሌለው ጋጋሪ ማን ያስጠጋል?»

«ታዲያ እዚህ በየቀኑ የምትቀባጥሪው ምንድን ነው?»

«ያንቺን ነው» አለች። «ሎሚ ሲሆን አንድ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። ቅርንፉድ ሲሆን ጉንጭሽን ትይዣለሽ፣ ያ ጥርስሽን የነቀለው ሐኪም ትዝ እያለሽ። ጽጌረዳ ሲሆን አንገትሽን ወደ ኋላ ትስቢያለሽ፣ ሽቶ ተነክራ እየመጣች የምትስመን አክስታችን የመጣች ይመስል። ብርቱካን ሲሆን ከንፈርሽን ትልሻለሽ፤ ቀረፋ ካለበት ዓይንሽን ጨፍነሽ ትቆያለሽ። ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ እኮ። እኔ ሻይ ቀምሼ አላውቅም እትዬ። የምቀምሰው አንቺን ነው።»

ስኒውን አስቀመጥኩት። ያን ሁሉ ጊዜ እርር ድብን ያልኩት በገዛ ምላሴ ነበር። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ከተጋባን ጀምሮ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ማን ነው?

ባሌ ስልኩን እያሻሸ ገባ። «አያነሱም፣ ኋላ ደግሜ እደውላለሁ። ምን ሆናችኋል?»

«ቁጭ በል» አልኩት። ጥግ ላይ ካሉት ከረጢቶች ያንዱን ሻይ አፍልቼ ለራሴ ቀዳሁ፣ ለእሱ ውሃውን ሞላሁለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «እኩል ፉት እንበል።»

ፉት አለ። «ውሃ ነው እኮ!»

«ያንተን አልጠየቅኩም። እኔ የምጠጣው ምንድን ነው?»

እጁን ወደ ስኒዬ ሰደደ። ስኒዬን ሳብኩት። «አትቀምስም። ፊቴን እይ።» ደግሜ ፉት አልኩለት። አየኝ። ጠፍቶ የተገኘ ዕቃ እንደሚመረምር ሰው አየኝ፣ ግንባሩን አላበው።

«ሎሚ?» አለ።

«ጽጌረዳ» አለች ሚጢ ከበሩ ሆና፣ በቀስታ። አፏን በእጇ ብትይዘውም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ልክ ናት ብዬ ራሴን ስነቀንቅ ባሌ ብድግ አለ። «አየሽ! አየሽልኝ? ሳትቀምስ፣ ከዚያ ሆና! አላልኩሽም? ይቺ ልጅ ምላስ አይደለችም፣ ተአምር ናት!»

በዚህ ጊዜ የያዝኩት ሁሉ ለቀቀኝ። «ምንም አይሸታትም!» ብዬ ጮህኩ። «ከታመመች ወዲህ ምንም! ቅድም ውሃ ነው የጠጣችው። የምታነበው የኔን ፊት ነው። አንተ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ስንት ሻይ ስትተፋ፣ አንድ ቀን ቀና ብለህ አላየኸኝም!»

ባሌ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል።

«ለምን አልነገርሽንም?» አላት በመጨረሻ።

«ጥቅም የላትም ብላችሁ እንዳትሸኙኝ ነዋ፣ ጋሼ።»

ያቺ ቃል ልቤን ወጋችኝ። አፍንጫ የለሽም ብዬ የጮህኩባት እኔ ነኝ። ሄጄ አቀፍኳት። ቁመቷ ስለሚበልጠኝ ያቀፍኩት ወገቧን ነው፤ እሷም አገጯን ራሴ ላይ አሳርፋ አለቀሰች። በነጋታው ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። «ቀስ እያለ ሊመለስ ይችላል፣ ታገሺ» ተባለች። እስኪመለስ እኛው ጋ ናት፤ ወተት ግን አላስጠብቃትም።

በምርጫው ቀን ቀሚሴን ለብሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ ፊት ለፊቴ ነበር። እኔ ፉት ባልኩ ቁጥር የራሱን ስኒ ረስቶ ዓይኑን አጥብቦ ፊቴን ያጠናል፤ አጠገቡ ያለው ሰውዬ ሁለት ጊዜ በክርኑ ጎሸም አደረገው። እኔም ፊቴን ግድግዳ አደረግኩት። ቅንድቤ እንኳ አልተነቃነቀችለትም። ይልፋ!

ቤት ስንመለስ በሩን ሚጢ ከፈተችልን። ገና «ደህና ዋልሽ» ሳልላት አንድ ጊዜ አየችኝ።

«ቅርንፉዱን መረጡት እንዴ?» አለች። «አንቺ ብርቱካኑን ብለሽ ተሸንፈሻል። አይዞሽ እትዬ።»

እንዳለችው ነበር። ቅናቴ ለቀቀኝ ብል ዋሸሁ፤ እንዲህ የሚያየኝ ሰው ሌላ እንዲሆን ነበር የምፈልገው። ባሌ ከኋላዬ ቀረብ ብሎ «ምኑን አይታ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

እጄ ጉንጬ ላይ እንደነበረ ያኔ ታወቀኝ። አላወረድኩትም።

«ታናሽ ይቅደም ያልከው አንተ አይደለህ?» አልኩት። «ይኸው ቀድማሃለች።»