አፈር የማይነካት አበባ

ሙላት በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ፣ ከኢሉባቦር ሰፈራ ጠፍቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለች ተክል ይዞ ሐይቅ እኛ ቤት መጣ። የአምባሰል ልጅ ነው። ወንድሜን ኢስሃቅን ካድሬዎች ከእርዳታ ስንዴ ሰልፍ ላይ አንስተው ለሰፈራ መኪና ላይ ሲጭኑት እሱም አብሮ ተጭኗል። እናቴ ፈዲላ ከዚያን ቀን ወዲህ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ልጄ አለ?" አለችው፣ ገና ሳይቀመጥ።

ሙላት መሬት መሬት እያየ ጨርቁን ፈታ። "ይቺን ልኮልዎ ነው፣ እማማ። እዚያ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ነው የምትበቅል። አደራ፣ አፈር እንዳይነካት። አፈር ከነካት ትበሰብሳለች።"

እናቴ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ረሃብ ቤታችንን ጠራርጎት ሳለ ቅጠል ይላካል? ደግሞስ እኛ የገበሬ ልጆች ነን፤ አፈር የማይወድ ተክል አይተን አናውቅም።

"ታዲያ ምን ልትበላ ነው?" አልኩት።

"ነፋስና ጤዛ።"

"እንግዲያስ የዚህ አገር ሰው ናት!"

እናቴ አልሳቀችም። ከነልጡ ያለ የወይራ ግንድ ቁራጭ ፈልጋ፣ ሥሮቿን በሻሿ ቅዳጅ አሰረችበት፤ ከዚያም የሐይቁ ነፋስ በሚመጣበት በኩል፣ ፀሐይ በማያገኛት የጣሪያ ክፈፍ ሥር ሰቀለቻት። መጀመሪያ ውሃ አብዝታባት አንድ ቅጠል በሰበሰባት፤ አለቀሰች። ቆይታ ግን ጠባይዋን ለመደች። ሥሯ ሲጠማ አመድ ይመስላል፤ ጠዋት ጠዋት በእጇ ረጨት ረጨት ስታደርግላት አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴ ሲሆን እጇን ትሰበስባለች። የታኅሣሥ ቁር ሲመጣ ቤት ታስገባታለች። ጭስ እንዳይነካት ደግሞ እሳቱ ደጅ ይነድ ነበር። በዚያ ብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ወጥ የምሠራው ለቅጠል ብዬ ነበር፣ ወላሂ!

ሙላት ሐይቅ ገበያ በወረደ ቁጥር ሹልክ ብሎ ብቅ ይላል።

"አልደረቀችም?" ይላል።

"አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ናት። ልጄም እንዲሁ ደህና ነው" ትለዋለች። ፊቱ ይጠቁራል። እህል ቅመስ ብትለው እሺ ሳይል ይሄዳል። እኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከቅጠሎቿ መሃል ዘንግ ወጣ። ነጫጭ፣ ረጃጅም ጭራ ያላቸው አበቦች ተንዠረገጉበት። ማምሻውን ሽታዋ ግቢውን ሞላው። እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤት ምን ተወለደ ብሎ መጣ። በማግስቱ በሶ አዘጋጅታ ስንቅ ቋጠረች። "ልጄ ጠራኝ፤ እሄዳለሁ" አለች። መንገዱን እንዲነግራት ሙላትን አስጠራችው።

ሙላት መጣ፤ አበባዋን ሲያይ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለ።

"የሰፈራችሁን ስም ንገረኝ፣ ልጄ። ከአውቶቡስ ወርጄ ማንን ልጠይቅ?"

"አይሂዱ፣ እማማ።"

"እግሬ እንደሁ ጠንካራ ነው፣ አብሽር።"

"እማማ፣ ኢስሃቅ የለም። በወባ ነው… የሄድን ዓመት፣ ክረምቱን አልወጣም።"

እናቴ የቋጠረችውን ስንቅ መሬት አስቀመጠች። እኔ ነኝ የጮኽኩት። "ሦስት ዓመት ሙሉ! ሦስት ዓመት ዓይኗን እያየህ!" ኮሌታውን ያዝኩት፤ አልተከላከለም።

"መርዶ እኮ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገር" አለ። "ብቻዬን ደጃፋችሁ ላይ ቆሜ እንዴት ልናገር? ሽማግሌ ልሰብስብ ብል መጥፋቴ ይሰማና መልሰው ይጭኑኛል። አበባዋ ደግሞ የሙቀት አገር ተክል ናት፤ ወርም አትቆይ፣ ትደርቃለች፣ ስትደርቅ የእማማ ልብ ይጠረጥራል፣ ያኔ መናገሩ ይቀለኛል አልኩ። ብመጣ አልደረቀችም። ብመጣ አልደረቀችም። ከዚያማ በምን አፌ?"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ፣ "ማን አጠበው?"

"የቃሉ አውራጃ ሰው አንድ ሼህ አብረውን ነበሩ፤ አጥበው ሰገዱበት። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ይቺን… ከራስጌው ካለው ዛፍ ላይ ነው የነቀልኳት።"

ደሙ የፈላ ሰው የሚመታው አያጣም፤ ተነስቼ ግንዷን ከነአበባዋ ያዝኩና ልወረውራት እጄን አነሳሁ። ስንት ጠዋት ለውሸት ነው ውሃ የረጨነው?

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ተክሏን ተቀብላኝ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፤ ሥሮቿን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች።

"ተያት። ልጄ የተኛበትን ያየች ከዚህ ቤት እሷ ብቻ ናት" አለችኝ። "ሥሯ አመድ መስሏል፣ ኑርሀያት። በልቅሶው ማን ያስታውሳታል? አሁኑኑ ውሃ አምጪ።"

አመጣሁላት።